ቀስት የማይወጣበት ሳጥን

ኅዳር 9
ከዙህር ሶላት ስመለስ ልጄ ኢክራም ነጭ ሰሌዳዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። ለአዲስ አበባው የሥራ ፈተና የሶፍትዌር አርክቴክቸር፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ንድፍ መሆኑ ነው፣ እያጠናች ነው። በናሙና ጥያቄ ነው የሚለማመዱት አሉ። የዛሬው የመናኸሪያ ትኬት መቁረጫ ነው።
«አባ፣ ደንበኛ ሁንልኝ። ዱራሜ መሄድ ትፈልጋለህ።»
«አልፈልግም።»
ሳቀች። በእኔ መሳቅን ከእናቷ ነው የወረሰችው።
«መጀመሪያ ደንበኛው ይጠየቃል፤ ሳይጠይቁ መንደፍ ትርፉ መሰረዝ ነው» አለች። እሺ... ተጠየቅሁ።

ኅዳር 17
ናሙናው አልቆባት ነው መሰል፣ ዛሬ ቤታችንን ሣለች። ሳጥንና ቀስት። ምግብ፣ ልብስ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ... ሁሉም «ኢክራም» በሚለው ሳጥን ያልፋል። «አባ» ጥግ ላይ። ቀስቱ ሁሉ ይገባበታል።
«የሚወጣውስ?»
«እኔም እሱን ፈልጌ አጣሁ።»
ሳቅን። የራሷን ሳጥን በጣቷ እየነካች፣ «አንዱ ሳጥን ሲወድቅ ሁሉም ከቆመ ንድፉ መጥፎ ነው። ፈተናውን ባልፍም አልሄድም ይሆናል፣ አባ» አለች።
ድሮ የዚያ ሳጥን ስም ረምላ ነበር። ሚስቴ ስትሞት ቤቱ ቆመ። ያስነሳችው ይቺ ልጅ ናት።

ኅዳር 18
ሱብሂ ሶላት ላይ «ያ ረብ፣ ትለፍ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ልቤስ? አላህ ሁለቱንም ይሰማል... አፈርኩ።

ኅዳር 24
የቡላ ገንፎ አስተምሪኝ አልኳት። ጓጎለ።
«አባ፣ ይሄ ለጎማ ጥገና ይሆናል።»
ሁለተኛው አረረ።

ታኅሣሥ 3
አለፈች! አልሐምዱሊላህ። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ ያወረድኩት እኔው ነኝ፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር።

ታኅሣሥ 19
ቤቱ ጭር ብሏል። ጎረቤቴ ሀብተሚካኤል ከሞተር ወድቆ እግሩን ተሰብሯል። ለስብራት ፍቱኑ ቡላ ነው። ረምላ ብትኖር ይዛ ትሄድ ነበር፣ ኢክራም ብትኖር... እያልኩ እስከ መቼ? ተነሣሁ። ሠራሁ። አልጓጎለም! ቅቤውን አንቆርቁሬ፣ በሳህን ከድኜ ወሰድኩለት።
ከፈተው። አሸተተው። አየኝ።
«ወንድሜ ከማል፣ የገና ጾም ላይ ነን እኮ!»
ለካስ ረምላ በጾማቸው በዘይት ነበር የምትሠራላቸው። ስንት ዓመት እያየሁ...
«ቅቤው ላንተ፣ ሽታው ለኔ» ብሎ እግሩን ይዞ ሳቀ።
ማታ ኢክራም ደወለች።
«ምን ስትሠራ ዋልክ?»
«ደንበኛውን ሳልጠይቅ ስነድፍ።»
ነገርኳት። እስክትደክም ሳቀች።
«ከዚያስ?»
«ሰርዤ በዘይት ደገምኩት። ጥርግ አድርጎ በላ።»
አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።
ሰሌዳዋ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ሳጥን ጨምሬ «ሀብተሚካኤል» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከእኔ ሳጥን ወደ እሱ አንድ ቀስት ሣልኩ። ጠማማ ነው። ቢሆንም ይደርሳል።