የአያ ክንዱ ፊት

ኅዳር 7 ቀን 1949 ዓ.ም.

ከማክሰኝት በላይ ካለው ጊዮርጊስ፣ ለንግሥ ሄጄ ተመለስኩ። ማኪናው ወገቤን ቆርጦታል። አሥራ ሁለት ሰው አነሣሁ። አንድ ሕፃን ካሜራውን አይቶ አለቀሰ፣ እናቱም አብራ አለቀሰች። ሌላው ሰላም ነው።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አስቸገሩኝ። አያ ክንዱ ይባላሉ። ቅዳሴ በማለዳ አልቆ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ቆሙ። ፀሐይዋ ከትከሻቸው በላይ ታበራለች።

"አያ፣ ወዲያ ይዙሩልኝ፣ ፀሐይ ፊትዎ ላይ ትረፍ።"

"ምነው ልጄ፣ ለጊዮርጊስ ጀርባዬን ልስጥ?"

ልጃቸው ቢያዝን ጠመንጃውን ተደግፎ ያያል። ካሜራውን የሸጠልኝ ጣሊያን "ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ" ይለኝ ነበር... ምን ላድርግ? ቤተ ክርስቲያኑን ከኋላዬ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊቴ አድርጌ አነሣኋቸው። ፊታቸው እንዳይጠቁር ብዬ ደግሞ የካሜራውን የብርሃን መግቢያ በጣም ከፈትኩት።

ኅዳር 9

ፊልሙን አጠብኩ። አሥራ አንዱ ደህና ወጥቷል። የአያ ክንዱ ግን... ፊት የለም። ጋቢው አለ፣ ዱላው አለ፣ ጣቶቻቸው እንኳ ይቆጠራሉ። ከአንገት በላይ ግን ክብ ነጭ ነገር ነው።

ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ገብታ ያመጣችው ጣጣ ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ለምን ልክ ፊታቸው ላይ? ደጋግሜ አየሁት። አልወደድኩትም። ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ደግሜም አነሣቸዋለሁ።

ኅዳር 11

የፈራሁት ደረሰ። አራዳ ወረቀት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ቢያዝን መጥቶ ሄዷል። ባለቤቴ ስንዱ የአያ ክንዱ ስም የተጻፈበትን ፖስታ አይታ ሰጥታዋለች። "ታሽጓል፣ እኔ ምን አውቄ" አለች። እውነቷን ነው። ለይቼ ማስቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ኅዳር 16

ቢያዝን መጣ። ፒያሳ ከሱቄ በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ያባቴን ፊት የት አደረስኸው?"

ብርሃን ነው፣ የፀሐይ ነገር ነው፣ አልኩ። ሲሰማኝ ቆየና "ለታቦት ጀርባህን ሰጥተህ ነው ያነሣኸው፣ አገር አይቶሃል" አለ። አያ ክንዱ ፎቶውን ካዩ ወዲህ ተኝተዋል። ፎቶ አንሺው ሞቴን አሳየኝ ብለው እህል ትተዋል።

"ጾሙ ገብቶ እንዳይሆን?" አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ።

"ከጾሙ በፊት ነው የተወው። አባቴ አንድ ነገር ቢሆን..." አልጨረሰውም። ዞሮ ሄደ።

ልሽሽ? ወዴት? ሱቄን ያውቃል፣ ቤቴን ያውቃል። ደግሞስ ሽማግሌው እውነት ቢሞቱ? ባላነሣቸው ኖሮ ይኼኔ አውድማቸው ላይ ነበሩ። ከቢያዝን ጠመንጃ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ኅዳር 17

አንድ ነገር ታሰበኝ። እኔም ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ልነሣ። የኔም ፊት ይጥፋ። ያኔ ያምኑኛል።

ስንዱን አንሺኝ አልኳት። "ባሌን በገዛ እጄ? አልነካውም።" ብርሃን ብቻ ነው ብዬ ማልኩላት። "ብርሃን ከሆነ ምነው ሌሊቱን ስትገላበጥ አደርህ?" አለችኝ።

ኅዳር 18

ማለዳ ራሷ ቀሰቀሰችኝ። "ተነሥ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።"

ጓሯችን ውስጥ ቆምኩ። ሰዓቱ ያው፣ ፀሐይዋም ከትከሻዬ በላይ። የካሜራውን ነገር ሁሉ እንደዚያ ቀን አድርጌ ሰጠኋት። ስንዱ ካሜራውን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ መመልከቻው ቁልቁል ታያለች። ብርሃኑ አላሳይ ሲላት ነጠላዋን በራሷም በካሜራውም ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ አነሣችኝ።

ከሰዓት በኋላ አጠብኩት። ፊቴ አለ። ቅንድቤ፣ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ስንዱ "ተመስገን" ብላ ሳመችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። የኔ ካልጠፋ የሳቸው ለምን ጠፋ? ይኼን ቢያዩ ዛሬውኑ ይሞታሉ። ቢያዝን እውነቱን ይሆን? ለታቦት ጀርባዬን መስጠቴ እንደሁ አይካድም... እራቴን አልበላሁም።

ኅዳር 19

ነጠላው ነው። ፎቶውን ሳገላብጥ ከላይ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። የነጠላዋ ጫፍ ነው። ከሌንሱ በላይ እንደ ቤት ክዳን ወጣ ብሎ ጥላ ሆኖለታል። ፀሐይዋ ሌንሱን አልነካችውም።

ሮጬ ሄድኩና ካሜራውን ሰጥቼ እንደገና አንሺኝ አልኳት፣ ያለ ነጠላ። ስትጫነው ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሳጥበው አሁን ፊቴ የለም። ጠባሳዬም የለም። የፈለግሁት ይኼንኑ አልነበር? ታዲያ ለምን ገልብጬ አስቀመጥኩት?

ኅዳር 21

እስከ ማክሰኝት በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግር። ስንዱ ብቻህን አትሄድም ብላ አብራኝ መጣች። ቢያዝን ደጃፉ ላይ ተገተረብን።

"ማነው?" አሉ አያ ክንዱ ከውስጥ።

"ያ ፊትህን የወሰደው ነው።"

"ይግባ።"

መደብ ላይ ተኝተዋል። ከስተው ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ሁለቱን ፎቶዎች ሰጠኋቸው። ከበሩ ወደሚገባው ብርሃን እያዞሩ አዩ።

"ይኼ አንተ ነህ። ይኼ ፊት የሌለውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ አያ። በማግስቱ።"

"ማን አነሣህ?"

ስንዱን አሳየኋቸው። ስለ ነጠላው ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት እሷን ነው።

"ባልሽን እንዲህ ስታደርጊ አልፈራሽም ልጄ?"

"ፈርቻለሁ አባቴ። አሁንም እፈራለሁ።"

ከዚያ ቢያዝንን ደግፈኝ አሉትና ቁጭ አሉ። "ነገ ጊዮርጊስ ደጅ አንሣኝ። እሷም ነጠላዋን ይዛ ትምጣ።"

ኅዳር 22

እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ዛሬም ለጊዮርጊስ ጀርባቸውን አልሰጡም። እኔ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ፣ ፀሐይዋ ደጁ ላይ ካለ የጽድ ግንድ ኋላ ተደበቀች። ስንዱ ነጠላዋን ከሌንሱ በላይ ዘርግታ ያዘች፣ ጫፉ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ። ፊታቸው ጥላ ውስጥ ስለሆነ የብርሃኑን መግቢያ ከፈት አደረግሁ። የቀረኝ ፊልም አንድ ብቻ ነበር። ቢያዝን ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። ተጫንኩት።

ኅዳር 24

ፊታቸው አለ። ሽብሽባቸው፣ ሽበታቸው፣ ያ የተቆጣ ዓይናቸው። ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

ቢያዝን መጥቶ ወሰደው። ዛሬ ገባ፣ ወንበር ላይም ተቀመጠ። "ትናንት ሽሮ በላ" አለኝ።

ታኅሣሥ 2

አያ ክንዱ አውድማ መውረድ ጀምረዋል አሉ። ሰው ሲመጣ ሁለቱን ፎቶዎቼን እያሳየሁ፣ ፀሐይ ምን እንደምትሠራ ላስረዳ አሰብኩ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ፊት ያለኝ አለ። ፊት የሌለኝ የለም።

"ስንዱ፣ ያ ፎቶስ?"

"አቃጠልኩት።"

"ብርሃን እኮ ነው። ራስሽ አንሥተሽው፣ ራስሽ አይተሽው።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ምስሯን እየለቀመች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ልቆጣ ፈለግሁ። መሳቢያውን ዘጋሁና "ፊልሙንስ?" አልኳት።

"እሱንም።"

"ደግ አደረግሽ" አልኩ።