ከሩጫ በፊት የሚታደለው ዳቦ

አቃቂ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለመቶ አለቃ ተክሌ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ቀን አልጻፍክበትም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ቀን የሌለው ደብዳቤ ሳይነበብ ይመለስ ነበር። የአንተን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አዲሶቹ ምልምሎች የፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ ዳገት አልለመዱም ብለህ፣ ባሕር ማዶ እንደተማርከው ልምምዱን አሻሽለህ፣ ከጠዋቱ ሩጫ በፊት ዳቦና ሻይ እንዲታደላቸው አዘሃል። መልካም አደረግህ። በልተውም ስለወደቁ ግን ስንፍና ነው ብለህ አሸዋ የሞላ ከረጢት አሸከምካቸው።

አልበሉም፣ ልጄ።

ከወደቁት አንዱ የጎረቤታችን የአደሴ ልጅ ኩምሳ ነው። ሐኪሙ ፈቃድ ሰጥቶት እዚህ መጥቷል። በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የክር ጥቅል ተሸክሞ ሲሯሯጥ የማውቀው ልጅ አጥር ይዞ ሲራመድ አየሁና አስጠራሁት። ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚበላ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አለኝ። «ዳቦውን ብብታችን ሥር ደብቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንበላዋለን። እስከዚያ ድንጋይ ይሆናል። አብሮን የተመለመለው ረሻድ የራሱ ረመዳን ስላለቀ፣ ‹ጥይት ከምታባክኑ ይህን ወርውሩ› እያለ ይስቅብናል።»

ረሻድ በልቶ ነው የሚሮጠው፤ አንድ ቀንም ወድቆ አያውቅም አሉ። ለምን ለአለቃህ አልተናገርክም ስለው፣ «ብሉ ተብሎ ታዟል። አልበላሁም ብሎ መቶ አለቃው ፊት ማን ይቆማል?» አለኝ።

አንተም በዚህ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀህ ነው ያደግኸው። የጾመ ልጅ ከንፈር ምን እንደሚመስል እንዴት ጠፋህ?

ጾማቸውን አስፈታ አልልህም፤ ይህን ከእኔ አትሰማም። ጠዋት የጠመንጃውን ትምህርት አስቀድም። ሩጫው ዘጠኝ ሰዓት ከበሉ በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይሁን። ከረጢቱንም አውርድላቸው፤ ሲበረቱ ጥቂት በጥቂት ትመልሰዋለህ።

የኩምሳ ፈቃድ ነገ ያበቃል። አደሴ ገጠር ዘመዶቿ ዘንድ ልትደብቀው ስንቅ ቋጥራ ነበር። የከዳ ወታደር ምን እንደሚደርስበት ነገርኳትና ቋጠሮውን ፈታች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በባቡር ይዞልህ የሚመጣው ራሱ ኩምሳ ነው። ትእዛዝህን ማፍረሱ እንደተጻፈበት ያውቃል፤ እስከዚህ ድረስ አንብቤለታለሁ። «አደርሰዋለሁ» አለ።

እናቱ ግን በሩ ላይ ቆማ አልሄድ አለች።

«እትዬ ዙፋን፣ ልጄን የምሰደው በእርስዎ ቃል ነው። ልጅዎ አይቀጣብኝም? ያውቁታል?»

ባሕር ማዶ ከሄድክ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ በዚህ ቤት አላደርክም።

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

እግዚአብሔር ልብህን ያራራልኝ፤ አንተንም በእጅህ ያሉትንም ለትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። መልሱን አንተ አትጻፍልኝ። እንዴት እንደተቀበልከው ኩምሳ በራሱ እጅ ይጻፍልኝ።

እናትህ
ዙፋን