ለዓይኔ የወጣው የመስቀል ቅቤ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ሶዶ እንዴት ይዛሃል? በሰዓቱ ትበላለህ? እኔ፣ ገብርኤል ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ በገዛ እጄ ከጻፍኩ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ዓይኔ ጉም ለብሶ ከርሟል። መጀመሪያማ ደስ ይል ነበር፣ ምን ልዋሽህ። ጨረቃ ሁለት ሆና ትወጣለች። የማንጎው ዛፍ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይወዛወዛል። መንገደኛው ሁሉ ነጭ ለብሶ እንደ መልአክ ይመጣና አጠገቤ ሲደርስ ጨው ሻጩ ደገፉ ይሆናል። ኋላ ግን ዳዊቴን መድገም አቃተኝ፤ እሳቱን እየሳትኩ ጣቶቼ ተቃጠሉ። ጤና ጣቢያ ብሄድ የዓይን ሞራ ነው፣ ሶዶ ሄደሽ በቀዶ ሕክምና ይነሳልሻል፣ የጤና መድኅን መታወቂያ ከሌለሽ ግን ከኪስሽ ነው አሉኝ።

መታወቂያውን በነፃ ላገኘው እችል ነበር። በጥር ቀበሌው ሰብስቦን የመድኅኑን መዋጮ መክፈል የማይችለውን ሰው ሕዝቡ በአደባባይ ሲጠቁም፣ የሰፈራችን ሰው ኤርካሎ ተነስቶ የኔን ስም ጠራ። ለደግ ነው ያደረገው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ ልጄ ሶዶ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው፣ የማንን እናት ድሀ እንደምትሉ እወቁ አልኳቸው። ቦታዬን ለሌላ ሰጡት። ቤቴ ስደርስ በሩን ያገኘሁት በዳበሳ ነው። ኩራት እራት ነው የሚባለው ዓይን ሲያይ ነው መሰለኝ።

ላንተ እንዳልጽፍልህ አንተም እንደማይተርፍህ ልቤ ይነግረኛል። ጎረቤታችን ቦሼ ግን አንድ ቀን ወጡ ላይ ስኳር ስነሰንስ አየችኝ። ወዲያው የቅቤ ማኅበራችንን ሰበሰበች። ያ ቅቤ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል የሚጠራቀም ነው፣ ባል እንኳ አይጠይቀውም። ቦሼ፣ ይቺ ሴትዮ በማያይ ዓይን የመስቀሉን ሥጋ ከአጥንቱ በምን ትለየዋለች ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ከቅቤው ሸጠው መዋጮዬን ከፈሉልኝ። አራሷን ሳምራንም ከነልጆቿ አስመዘገቧት። ከእንግዲህ በየዓመቱ ቅድሚያ ለመድኅን ይነሳለት ብለውም ተስማሙ። በመጪው መስቀል ቅቤው ሳሳ ይላል። ይሳሳ!

እንግዲህ ሶዶ መጥቼ ነበር። ሳልነግርህ በመቅረቴ አትቀየመኝ፤ ከሥራህ ላስቀርህ አልፈለግሁም። አንደኛውን ዓይኔን ሠርተው በፋሻ ሸፈኑት። ስወጣ የዳሞታ ተራራ ከሥሩ ተነቅሎ ሰማዩ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ፤ የሰዉም ድምፅ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ቃል አልተነፈሰም። ወዴት ነሽ እንኳ ሳይለኝ ቀጥታ ወደ ቀዬአችን የሚመልሰኝ የዲምቱ መኪና የሚቆምበት ወሰደኝ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ቀስ ይላል። እንቅልፍም ሕልምም ያልሆነ ነገር ውስጥ ገብቼ፣ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ስወርድ ክንዴን ደገፈኝ፤ ነጠላዬ ሲንሸራተት ራሴ ላይ መለሰልኝ። ሒሳቡን ስሰጠው ብሩን መዳፌ ውስጥ መልሶ ጣቶቼን ከደነልኝ። እኔም መርቄው ወደ መኪናው ገባሁ።

አሁን ፋሻው ተነስቶልኝ ጥሩ አያለሁ። በመጪው ጥር ኤርካሎ ስሜን ከጠራ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ የቦሼም ቅቤ ለሌላ ይተርፋል።

ያንን ልጅ ከተማው ውስጥ አታጣውምና አደራ ንገርልኝ። በላቡ የሚያድር ሰው ከእናቱ የሚደበቅበት ምክንያት የለውም በለው። ሁለተኛውን ዓይኔን በሰኔ ይሠሩልኛል። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጠብቀኝ፤ በዚህ በዳነው ዓይኔ ፊቱን ልየው።

የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። መንገድህን ሁሉ መልአኩ ይቅደምልህ።

ሁሌም የምትሳሳልህ
እናትህ