ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ሞልቶ የተገኘበት ምክንያት

ግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለባህልና ቱሪዝም መልሶ መክፈቻ ድጋፍ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ጉዳዩ፦ «እንግዳ አለው፣ ድጋፍ አያስፈልገውም» ተብዬ ከዝርዝር መሰረዜ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በበከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ «ነስሪን የባህል ቤትና ማረፊያ» የሚባለው ቤት ባለቤት ነኝ። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ቤቱ ዝግ ነው። ክፈቱ ስትሉን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን የባህል ዕቃዎቹ ያሉበት ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፣ ክረምቱም ደርሷል። ያለ ድጋፋችሁ መክፈት አልችልም። ለእናንተ የምጽፈውን ሁሉ በአፋን ኦሮሞ የምትጽፍልኝ ልጄ ነስሪን ነበረች፤ ይሄኛው ስለ እሷ ስለሆነ ራሴ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው፦

1. ግንቦት 7 ቅዳሜ አጣሪ ኮሚቴው ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ሲበላ አገኘ። እነሱ ሱሀይብ ለሚባል የአኖ ከተማ ልጅ ነስሪንን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። እፊታቸው «እነዚህ ከፋይ አይደሉም» ማለት ነውር ሆነብኝ።

2. ሽማግሌ በአንዴ እሺ ስለማይባል መለስኳቸው። ግንቦት 14 አሥራ ሁለት ሆነው መጡ፤ ኮሚቴውም መጣ። «ርቀት አልጠበቁም» ተብሎ የተጻፈው እውነት ነው። ሊዛመድ የመጣ ሰው ርቀት አይጠብቅም።

3. ግንቦት 21 አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የዚያን ቀን ኮሚቴውም አብሮ ምሳ በላ፤ «መስተንግዶው በጣም ጥሩ ነው» ብሎም ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረ። አመሰግናለሁ፤ ግን ያሰረዘኝ ይሄው ነው።

4. ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሳቸው የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ገለታ በር ላይ ቆመው «ፈድሉ፣ አንተ የምትፈልገው አማች ነው ወይስ ቱሪስት?» አሉኝ።

5. እውነቱን ለመናገር ሦስቴ የመለስኳቸው ለወጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ልጁ ጨዋ ነው፤ አራት ሰው ጠይቄ አራቱም አመስግነውታል። ግን ቤቱን የምታስጎበኘው ነስሪን ናት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሱቅ የነገድኩ ሰው ነኝ። ከኮሮና በፊት አንድ ጎብኚ የድሮው ኮርቻ የማን እንደነበር ሲጠይቀኝ «ለእርስዎ ቅናሽ አለው» ነው ያልኩት። እሷ ከሄደች ምን ልከፍት ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ አኖ እኮ በሚኒባስ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደውልልኝ» ትለኛለች። እንግዳ ግን እስክትደርስ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. ወደ ዝርዝሩ እንድመለስና ለጣሪያው ቆርቆሮ እንዲሰጠኝ፤

ለ. የአስጎብኚ ሥልጠና ሲኖር ስሜ እንዲመዘገብ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪው ታጋሽ ከሆነ እማራለሁ፤

ሐ. ኮሚቴው አንድ ጊዜ እንዲመጣልኝ፤ ግንቦት 28 ግን አይሁን። የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሃያ ስድስት ሆነው እንደሚመጡ ተነግሮኛል፤ እኔም እሺ ልላቸው ወስኛለሁ። ኒካሁን ሰኔ 20 አስበዋል። ሰኔ 21 ጠዋት ብትመጡ ቤቱን የድጋፍ መመሪያችሁ በሚለው መሠረት ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከትልቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ፈድሉ ኑረዲን
የነስሪን አባት