የመንገዱ ሳንቃዎች

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ። የሱፍ ካልሲሽ ከእግሬ አይወልቅም፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ዳር ነው የምንቆመው።

ጋሽ ሌንደርት ጽፎልኛል። አትቆጪው፤ የግድቡ ኃላፊ ነውና ጨንቆት ነው። "እናትሽ ሳንቃዎቹን ጎተራ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጉያዋ ከታዋለች። ብንለምናት፣ 'እኔ በሕይወት እያለሁ ያንን መንገድ የሚዘጋው የለም! ሂዱ ሚስቶቻችሁን ለምኑ' ብላ በሩን ፊታችን ላይ ዘጋችው" ይላል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ፈራሁ። መንገዱ የውስጡን ግድብ ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ክፍተት ከነዚያ ሳንቃዎች ሌላ የሚደፍነው ነገር የለም።

እዚህ ምርምር ጣቢያው ውስጥ ባሕራችንን አሳንሰን በሲሚንቶ ሠርተነዋል። መንደራችን ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። በቀደም ከጎናችን ወደ የብስ የሚገባውን የባሕር ክንድ፣ መሐንዲሶቹ አሁን እየሠሩት እንዳለው፣ በግማሽ ዘጋነውና ማዕበሉን ለቀቅነው። ውሃው ወደ እኛ ዞረ፤ የውጪውን ግድብም ተሻገረ። ኢንጂነር ሆክስትራ "ምነው ፊትሽ ነጣ? ሲሚንቶ እኮ ነው" ብሎ ቀለደብኝ። ለእሱ ሲሚንቶ ነው። እኔ ግን መለኪያውን ማንበብ አቃተኝ።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ቀረሁና መንደራችን የተጥለቀለቀበትን ያንን ሌሊት፣ ያንን ማዕበል፣ በሲሚንቶው ላይ ደገምኩት። መጀመሪያ ክፍተቱን ሳልዘጋ ለቀቅኩት። ውሃው ሰዉ ሁሉ የተጠለለበትን ትምህርት ቤት ዋጠው፤ እኔም ያን ሌሊት እዚያ ነበርኩ እማዬ። ቀጥሎ ከብስኩት ቆርቆሮ ቆርጬ ዘጋሁት። ትምህርት ቤቱ ተረፈ።

ወንድሜ ማሪኑስ ፈረሶቹን ሊያመጣ ወርዶ የቀረበትን ሜዳም አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ክፍተቱ ተከፈተም ተዘጋም ሜዳው ቀድሞ ይሰምጣል። ውሃው ገና መንገዱ ጋ ሳይደርስ እንኳ ከዚያ ሮጦ መመለስ የሚችል ሰው አልነበረም። ወንድሜን እንዳይመለስ የከለከለው ሳንቃው አይደለም።

ይህን ለጋሽ ሌንደርት አልጻፍኩለትም፤ ላንቺ ብቻ ነው። ያን ሌሊት ወንዶቹ ማሪኑስ ገና አልተመለሰም ብለው እያመነቱ ቆመው ሳሉ የመጨረሻውን ሳንቃ ማን እንዳስገባው በመንደሩ አንድም ሰው አያነሳም። እኔም አልጠይቅሽም። ያን ሰሞን መዳፍሽ ውስጥ የገባውን የእንጨት ስንጥር ላውጣልሽ ብልሽ፣ "ተዪው፣ እዚያው ይቀመጥ" ብለሽ እጅሽን እንደሸሸግሽብኝ ግን አልረሳሁም።

እማዬ፣ እፈራለሁ። ነፋሱ እዚህ የማድርበትን ቤት መስኮት በነቀነቀ ቁጥር የሚታየኝ ያንቺ ኩሽና ነው። ቁልፉን ስጫቸው። እጅሽ እምቢ ካለሽ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ያኔ የመጨረሻውን ሳንቃ የማስገባው እኔ ነኝ፤ አንቺ ቤት ሆነሽ ሻይ ታፈያለሽ።

እግዚአብሔር ነፋሱን ያብርድልሽ፣ ደጅሽን ደረቅ ያድርግልሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ