የቀኝ ትከሻዎ እንዴት ሰነበተ

ለተከበሩ የክልላችን ምክር ቤት አባልና የአካባቢያችን ተመራጭ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ከመላው አካላትዎም ለይቼ የቀኝ ትከሻዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። በቅርቡ በሰጡት መግለጫ ይህ ትከሻ እጅዎን ከጆሮዎ በላይ ለማንሣት እንደማይፈቅድልዎ ከገለጹልን ወዲህ፣ የሰፈራችን ሰው ስለ መንገዱና ስለ ውኃው መጠየቁን ትቶ ስለ ትከሻዎ ሲነጋገር ይውላል። አንድ ተመራጭ እንዲህ በመራጮቹ አፍ ውስጥ ሲኖር ማየት ለእርስዎም ደስታ ሳይሆን አይቀርም።

ማን እንደሆንሁ ለመናገር ያህል፣ ጡረታ የወጣሁ ስልከኛ ነኝ። ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን ሰሌዳው ፊት ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ነው ያረጀሁት። ከዚያ በፊት ያስተማሩኝ መምህራን ደግሞ እጅ ሲነሣ ክርኑ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ተገጥመው እንዲሆን፣ የሚጠይቀውም የሚመልሰውም የሌለው ተማሪ ግን እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር በማስመሪያ ጭምር ያስተማሩን ናቸው። ስለዚህ ስለ እጅ አነሣሥ ጥቂት ብናገር እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ክፍል ነው። በሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ፣ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በምልክት ቋንቋ የሚማሩባት ክፍል አለች፤ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ የምትማረው እዚያ ነው። ክፍሏ ተዘግታ ሕፃናቱ በዋናው ከተማ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይዛወሩ የሚል ረቂቅ ባለፈው ወር ለምክር ቤታችሁ ቀርቦ በመጀመሪያው ዙር በአንድ ድምፅ ብልጫ አልፏል። የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻው ድምፅ ይሰጣል። ያቺ አንዲት ድምፅ የእርስዎ ናት ይባላል። እርስዎ ግን ናትም አይደለችምም ስላሉ፣ እነሆ አንዲት ክፍል ሙሉ ሕፃናት በአንድ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል።

ወደዚህ ከመግባቴ በፊት፣ ቅሬታ ብዬ እንዳላስቀይምዎ ምስጋና ያልኋቸውን ጥቂት ነገሮች በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አውቶብስ ማቆሚያው አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው የምርጫ ዘመንዎ ከጤና ጣቢያው በር ተነሥቶ ወደ ባለቤትዎ እኅት የአልጋና የቁም ሣጥን መሸጫ በር መዛወሩን፣ ጋዜጣው ይህን ሲጽፍና ሕዝቡ ሲያጉረመርምም እርስዎ እንደ ታላቅ አስታራቂ መካከል ገብተው አግዳሚ ወንበሩንና ጥላውን ወደ ጤና ጣቢያው መልሰው አውቶብሱን እዚያው አልጋ መሸጫው ዘንድ መተውዎን እናስታውሳለን። በስብሰባ ላይ ስንጠይቅዎ «ሁለቱንም ወገን አስደስቻለሁ» ብለውን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበሩ ላይ ተቀምጠን አውቶብሱን እንጠብቃለን፤ አውቶብሱ በፊታችን ያልፍና ወዲያ ማዶ ሲቆም ደግሞ ከነምርኩዛችን እንሮጣለን። ፀጉር ቆራጩ ጎረቤታችን አውቶብሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ምላጩን እንደያዘ በር ላይ ወጥቶ «እማማ፣ ተነሡ፣ የተመራጫችን ስፖርት ተጀመረ» እያለ ይጠራናል። ሁለት ያጣ ጎመን ሲባል እሰማ ነበር፤ በእግሬ እስክሮጠው ድረስ ግን ትርጉሙ አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። በተመረጡባቸው ጊዜያት ሁሉ በየተራው በሌላ በሌላ ፓርቲ ስም ቢቀርቡም ፎቶግራፍዎን ግን አልቀየሩም፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ያው ፈገግታ፣ ያው የፀጉር ክፍፍል ነው፣ የሚለወጠው የከረባቱ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ «እኔ አልተለወጥሁም፣ የተለወጡት ፓርቲዎቹ ናቸው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ለዚህ ፎቶግራፉ ራሱ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ባለፈው ወር ድምፅ አሰጣጥ። ጉባኤውን በቴሌቪዥን ስከታተል የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲሉ የቀኝ እጅዎ ከጉልበትዎ ተነሣ፤ ደረትዎን አለፈ፤ ጆሮዎ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ ቆጣሪው በአጠገብዎ ሲያልፍም ጆሮዎን ማከክ ጀመረ። ቆጣሪው ቆጠረዎት። እኛ ወላጆችና አያቶች በማግስቱ ቢሮዎ ስንመጣ ወንበር አስቀርበውልን «እናቶቼ፣ እኔ ጆሮዬን ነው ያከክሁት፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው» አሉን፤ መርቀንዎት ወጣን። በዚያው ሳምንት በትምህርት ቢሮው ስብሰባ ላይ ስለ ወሳኙ ድምፅዎ ሲመሰገኑ ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ለራዲዮ ደግሞ እጄን ያነሣሁት የመናገር ዕድል ለመጠየቅ ነበር፣ ተከልክያለሁ አሉ። በመጨረሻም ትከሻዎ መጣ። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው በዕድሜዬ አይቻለሁ፤ በአራት የሚበላ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት፤ ጣትዎን እንዳይቆርጥዎ እሠጋለሁ።

በእኔ ሥራ ገመዱ ወይ ይሰካል ወይ አይሰካም ነበር። በግማሽ የተሰካ ገመድ ሁለቱንም ደዋዮች «ሃሎ፣ ሃሎ» ያሰኛል እንጂ አያነጋግርም፤ እንዲህ ያደረገች ስልከኛ በሰሌዳው ፊት ሁለተኛ ቀን አትቀመጥም ነበር። ምክር ቤት ግን ይበልጥ ትዕግሥተኛ መሥሪያ ቤት መሆኑን እረዳለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ፈጣን ማገገምዎ ከልብ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። በዚያ የድምፅ አሰጣጥ ቀን ጠዋት ከጆሮ በላይ አልሄድ ያለው እጅ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለአባላት አዲስ መኪና ይገዛ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ከማንም ቀድሞ እስከ ጥግ ድረስ ወጥቶ በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ታትሟል። በልብስ ፋብሪካ ሰፊ የሆነችው ልጄ ፎቶግራፉን እንዳየች «እማዬ፣ የብብቱ ስፌት ተተርትሯል እኮ፤ ሰውየው በኃይል ነው የዘረጋው» አለችኝ። ኮቱን ከላኩልን በነፃ ትሰፋልዎታለች። ለሕመምተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይከለከልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልሁም።

ባለፈው ሳምንት ክፍላችንን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ከወላጆች ጋር ከኋላ ቆሜ ነበርና ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ። መምህሯ እርስዎ የሚሉትን በምልክት ልታስተረጉም አጠገብዎ ቆመች። ካሜራ የያዘው ሰው ትከልለኛለች አለ። እርስዎም በታላቅ ትሕትና ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቆሟት። ከዚያም መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ያለ አስተርጓሚ፣ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ስለ መሆን ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። እኛ ወላጆች ሰማን። ሕፃናቱ አፍዎ ሲከፈትና ሲዘጋ ተመለከቱ።

በዚህ መካከል የልጅ ልጄ እጇን አነሣች። ክርኗ የተዘረጋ፣ ጣቶቿ የተገጠሙ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ልጆች አንዱ ያደረገውን ሌላው ስለሚከተል የክፍሉ ልጆች ሁሉ እጃቸውን አነሡ። እርስዎ ግን ደህና ይሁኑ የሚሉዎት መስሎዎት ፊትዎ በደስታ በራ፤ ሁለቱንም እጆችዎን፣ የታመመውንም ጭምር፣ ከራስዎ በላይ እያውለበለቡ ወጥተው ሄዱ። ልጆቹ እጃቸውን አላወረዱም። በክፍላችን ሕግ መምህሯ ሳትጠራው እጁን የሚያወርድ ልጅ የለም፤ መምህሯም ከቁም ሣጥኑ ኋላ እስክትወጣ ድረስ ባዶውን በር እያዩ እንደዚያው ቆዩ።

የልጅ ልጄ ጥያቄ ምን እንደነበረ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ነገረችኝ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ማታ መብራት ያጠፋል ወይ፣ የሚል ነበር።

እኔም መጀመሪያ የፍርሃት ነገር መስሎኝ ትልቅ ልጅ ጨለማ አትፈራም አልኋት። እሷ ግን ጨለማ አትፈራም። በእጇ ትናገራለች፣ በዓይኗ ትሰማለች፤ መብራት ሲጠፋ አፏም ጆሮዋም አብረው ይጠፋሉ። እቤት መብራት ሲሄድ ግድግዳውን እየዳበሰች ትመጣና ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ መዳፌ ውስጥ በጣቷ ትናገራለች፤ እኔም በመዳፏ እመልስላታለሁ። ይህን ያስተማረን የለም፣ ሁለታችን የፈጠርነው ነው። አልጋዎች በተደረደሩበት አዳራሽ መብራት ጠፍቶ ሆዷን ቢያማት ለማን ትናገራለች? በማንስ መዳፍ? የእናቷ ሥራ በፈረቃ ነው፣ ዋናው ከተማ ደርሳ የምትመለስበት ቀን የላትም፤ እኔም አውቶብስ ድረስ እንኳ እንዴት እንደምሮጥ ከላይ ነግሬዎታለሁ።

የረቂቁን ማብራሪያ መነጽሬን አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ስለ ፍራሽ ይናገራል፣ ስለ ደንብ ልብስ ይናገራል፣ ወጪ ስለ መቀነሱ በሰፊው ይናገራል። ስለ ጨለማ አንዲት ቃል የለችበትም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ክፉ ነው አልልም፣ አላየሁትምና። ምናልባት መብራቱን አያጠፉ ይሆናል፤ ምናልባት አስበውበት ይሆናል። ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ያሰበችውን አንድ ሙሉ ምክር ቤት ሳያስበው አይቀርም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ። ታዲያ ጥያቄው ሲጠየቅ እጅ ተውለብልቦለት ካለፈ፣ መልሱን ማን ይንገረን? ልጅቷ በየማታው ተነግሮኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔም አልተነገረኝም እላለሁ። ይህን ማለት ሰልችቶኛል።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ክፍሏ ትዘጋ ብለው የሚያምኑ ከሆነ ሐሙስ ዕለት እጅዎን ሙሉ አድርገው ያውጡ፤ እቃወምዎታለሁ፣ ነገር ግን ማንን እንደምቃወም አውቃለሁ። አትዘጋ የሚሉ ከሆነ ደግሞ «የምትደግፉ» ሲባል እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያኑሩት፤ ለዚህ ትከሻ አያስፈልግም። በጉልበትና በጆሮ መካከል ያለውን ስፍራ ግን ይተዉልን። እዚያ መካከል ላይ እኛ አለን።

መምህሯ ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አግኝታ የክፍሉ ልጆች ሐሙስ ዕለት በእንግዶች መቀመጫ ይገኛሉ። እርስዎ የሚያደርጉት ንግግር እጅና እግር ቢኖረውም ባይኖረውም ልጆቹ አይሰሙትም፤ በዚህ በኩል አይጨነቁ። ዓይናቸው የሚያርፈው እጅዎ ላይ ነው።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ በየምርጫው ሰሞን ደጃችንን ስለሚያንኳኩበት ለስላሳ እጅ፣ ባላነሡት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ስላሳረፉት ትከሻ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ጤና፣ ዕድሜና አንድ ቃል እንዲሰጥዎ ከምትመኝልዎ

ጡረተኛ ስልከኛና የአንዲት ተማሪ አያት

ግልባጭ፦
ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ለትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለፀጉር ቆራጩ፣ ደንበኞቹ ተራ ሲጠብቁ እንዲያነቡት
ለጤና ጣቢያው በር አግዳሚ ወንበር፣ አውቶብስ ለማይመጣለት

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ወይም እንደማያውቁት፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በእጅ የሚጠራ ስም ያወጣሉ። መምህሯ በጉንጯ ስርጉድ ትጠራለች፤ እኔ በመነጽሬ ማንጠልጠያ። የእርስዎንም ስም የልጅ ልጄ ከጉብኝትዎ ማግስት አውጥታልዎታለች፦ እጅ ከጉልበት ይነሣና ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ያካል። በክፍሉ ውስጥ ሌላ መጠሪያ የለዎትም። ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠራም ብዬ ስቆጣት፣ ሌላ ነገር ሲያደርጉ እንዳላየች መለሰችልኝ። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከጸና ከከተማ ከተማ ይሻገራል፣ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ አይለቀውም ትላለች መምህሯ። የእርስዎ ገና ሳምንቱ ነውና እስከ ሐሙስ አይጸናም።