አራት ጣት የሚከፈት መስኮት

ቡታጅራ፣ ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤ አረቅጥ።

አሰላሙ ዐለይኩም እማ። ያ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጠና ይብስበታልና ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ወንድሜ ሀቢቡና ሙሽራይቱ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ሰውነቴ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን አሯል። ሀቢቡ ይህን ሲያነብልሽ ቀስ ብሎ ያንብብ። አንቺም ሳትቆጪ አድምጪኝ፤ ዛሬ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ነርስ ሆኜ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የአራስ ክፍል አለች። የመስኮቷ መቀርቀሪያ ወይ ጥርቅም ያደርጋል ወይ ወለል፤ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። ወለል ሲል ነፋስ ያላትመዋል፤ አምና አንድ ሕፃን ተንጠላጥሎ ወድቆበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አራስ ነፋስ አይንካት ይባላል አይደል!

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዘይባ የምትባል የመስቃን ልጅ በተገላገለች ማግስት፣ አማቷ የመስኮቱን ስንጥቅ በእንሰት ቅጠል ጠቅጥቃ፣ ፍም የሞላ ማንደጃ ከአልጋው አስጠግታ፣ በሩን ዘግታ ወጣች። እኔ ስገባ ዘይባ ብጠራት አትሰማም፤ ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሏል። እሱን አቅፌ እሷን እየጎተትኩ በረንዳ ላይ አወጣኋቸው። ስንት ቆይቶ አለቀሰ መሰለሽ! ሁለቱም ተረፉ። አማቲቱ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው? ጠዋት ገንፎ ይዛ የመጣችውን ጎረቤት፣ ሰፍያን፣ በዓይኗ በላቻቸው ብላ ሰው ሰበሰበች! ነርስነቴን ረስቼ ጮህኩባት። ማንደጃውን አንስቼ፣ የበላቸው ይኸውልሽ አልኳት።

በማግስቱ አናጢውን ሸረፋን ጠራሁት። መቀርቀሪያውን ነቅሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ከነችንካሩ ገጠመልን። ችንካሩ መጀመሪያው ቀዳዳ ሲገባ መስኮቱ አራት ጣት ያህል ይከፈትና እዚያው ይቆማል። ነፋስ አያላትመው፣ ሕፃን አያሾልክ! አለቃችን አቶ ፈቃደ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። ማን ፈቀደልሽ፣ አራስ በብርድ ልትፈጂ ነው ወይ አለኝ። በብርድ ስትሞት አላየሁም፤ ሕፃን በከሰል ሲሞት ግን አይቻለሁ አልኩት። የት አየሽ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ለእሱ ዝም ብያለሁ፤ ላንቺ ግን ዝም አልልም። ጎረቤታችን ሳሌሃ ለሀቢቡ ሠርግ ስትመጣ በሰው ፊት ከደጅ መለስሻት አሉ። እስከ መቼ ነው እማ? ታናሼ ሸምሶ አርባ ቀን ሳይሞላው ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። በዓይኗ በላችብኝ ስላልሽ መንደሩ ሁሉ ሸሻት፤ ልጇን እንኳ ለትዳር የሚጠይቅ ጠፋ። ምን አደረገች? ቅቤ ይዛ ልትጠይቅሽ መጣች፤ ልጁን አይታ ማሻአላህ ብላ ሄደች። ግፍ ነው!

የሣር ቤታችን በየጎኑ ይተነፍስ ነበር። አባባ የኮራበት ቆርቆሮ ቤት ግን ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱንም ሸምሶ የሞተ ቀን በጨርቅ ወትፈነው ነበር። ከሰሉን ያቀጣጠለችውን፣ ቶሎ ይሙቃችሁ ብላ ማንደጃውን ያስገባችውን የአሥር ዓመት ልጅ አንቺም ታውቂያታለሽ። ሰው ሳይደርስ ፍሙን ጓሮ ስትደፊው አይቼሻለሁ። የሳሌሃን ስም የጠራሽው ከዚያ በኋላ ነው። ለማን ብለሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም። ግን ይብቃ እማ፣ ይብቃ።

ሸረፋ ያንኑ ዓይነት ብረት ለቤታችን መስኮት ሠርቶልኛል። ሙሽራይቱ ሳትወልድ ሀቢቡ ይግጠመው። አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የልጅ ልጅሽን ትንፋሽ ያሰማሽ።

ደብዳቤውንና ብረቱን ያመጣችልሽ ሳሌሃ ናት። ዛሬ ገበያ አግኝቻት አደራ ስላት፣ እናትሽ ከደጅ ትመልሰኛለች አለችኝ። አትመልስሽም አልኳት። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። ይህን ጊዜ ውጭ ቆማ ይሆናል፤ ተነሽና ግቢ በያት።

ያላጋለጥሻት ልጅሽ